ቆርኪ ላይ የተቀመጠችው እንቁላል

የሶዶዋ የጂም ጓደኛዬ የምሕረት የድምፅ መልእክት የደረሰኝ እዚህ ሰመራ፣ የመድኃኒት ካርቶን ከመኪና አውርደን ወደ መጋዘን እያስገባን ሳለ ነው። አንዱን ካርቶን በሁለት እጄ እንዳቀፍኩ ስልኬን በጆሮዬና በትከሻዬ መሃል አጣብቄ አዳመጥኩት። «ትዕግሥትዬ፣ አይዞሽ» ብላ ጀመረች። ሰው «አይዞሽ» ብሎ ሲጀምር ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ይታወቃል። «ጋሽ አልታዬ ወደ ጌታ ሄዱ። አልታመሙም፣ አልተሰቃዩም፤ ቁርሳቸውን በልተው በረንዳቸው ላይ ቁጭ እንዳሉ ነው። የጂሙ ልጆች ለክብራቸው ብለው ጂሙን ዘግተውታል። ሐዘኑ እስኪወጣ አንዲት ብረት አትነሳም ብለዋል። እትዬ ማርታ ግን ደህና አይደሉም። እንቅልፍ የሚባል ነገር እምቢ ብሏቸዋል።»

ያቀፍኩትን ካርቶን መሬት አስቀመጥኩት። ባልደረባዬ ዞር ብላ አየችኝና «ምነው፣ ሕፃን ነው እንዴ የምታስተኚው?» አለችኝ። እንባዬ የመጣው ያኔ ነው። ለካ ጉልበቴን አጥፌ፣ ወገቤን አቅንቼ፣ ካርቶኑ ወለሉን በቀስታ ዱብ ብሎ እንዲነካ አድርጌ ነው ያስቀመጥኩት። ሶዶን ከለቀቅኩ ዓመታት አልፈዋል፤ ጋሽ አልታዬ ግን አሁንም ከጉልበቴና ከወገቤ አልወጡም።

ጂም የገባሁት በሐኪም ትእዛዝ ነው። ይህን አስቀድሜ መናገር አለብኝ፣ ምክንያቱም ሰፈር ውስጥ ስለኔ ሌላ ሌላ ነገር ተወርቷል። ወገቤን አሞኝ ብሄድ ሐኪሙ «መድኃኒቱ ክብደት ማንሳት ነው» አለኝ። ክብደት በማንሳት የታመመ ወገብ ክብደት በማንሳት ይድናል የሚለው ነገር አልገባኝም። ጸለይኩበት። የኅብረታችንን መሪ አማከርኩ፤ እሱም ጸለየበትና «ረጅም ቀሚስ ከለበስሽ ችግር የለውም» አለኝ። እናቴ ግን አልጸለየችበትም። «ብረት ልታነሺ ከቤት ትወጫለሽ? ጄሪካኑ ምን በደለሽ?» አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ጂሙ ወደ ሻንቶ በሚያስወጣው መንገድ ዳር ያለ የድሮ የእህል መጋዘን ነበር። ግማሹ ዕቃ ከአዲስ አበባ የመጣ ነው። ግማሹ ደግሞ የወፍጮ ጥርስ፣ የመኪና ቸርኬ፣ በዱቄት ወተት ጣሳ የተሞላ ሲሚንቶ። በአንድ በኩል ያለው የጭቃ ግድግዳ የጂሙ ብቻ አልነበረም። ከግድግዳው ወዲያ የጋሽ አልታዬ ቤት ነው፤ የእትዬ ማርታ አልጋ ራስጌውን እዚያው ግድግዳ ላይ አስደግፎ ይቆማል።

እትዬ ማርታ አልጋ ላይ ከዋሉ ቆይተው ነበር። ሌሊት ሕመሙ አያስተኛቸውም፤ ሸለብ የሚያደርጋቸው ከሰዓት በኋላ ነው። ጂሙም የሚሞላው ከሰዓት በኋላ ነው፣ ተማሪውም የቢሮ ሠራተኛውም ሲለቀቅ። ብረት በወደቀ ቁጥር ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፣ ከጣራው አቧራ ይረግፋል፣ እትዬ ማርታ «ኢየሱስ!» ብለው ይባንናሉ። እኛ ይህን አናውቅም። ሌላ ባል ቢሆን ቀበሌ ይሄዳል፤ ወይ በር ላይ ቆሞ ይሳደባል። ጋሽ አልታዬ ተመዘገቡ።

አዎ፣ ጂም ተመዘገቡ። ጡረታ ሊወጡ በሚገባቸው ዕድሜ። በኋላ ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው የመለሱልኝን አልረሳውም። «ልጄ፣ ሰው ቤት ሳይገቡ፣ ሳይበሉ፣ ሳይጠጡ፣ ደጅ ቆሞ ‹ድስታችሁ ጮኸብኝ› ይባላል እንዴ? መጀመሪያ ገብቼ አብሬ መብላት አለብኝ። ከዚያ ነው የምናገረው።»

ሥራቸው እንቁላል ንግድ ነበር። ከቦምቤና ከበዴሳ ገበያ እየሰበሰቡ፣ ጭድ በሞላው ቅርጫት አድርገው፣ በሞተር ሳይክል ኋላ ሶዶ የሚያመጡ ሰው ናቸው። ጂም ሲመጡ ቱታ ይለብሱና ከላይ የሰንበት ኮታቸውን ይደርባሉ። በሩ ላይ ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ፣ ልክ ቸርች እንደሚገባ ሰው። ከዚያ «ሳሮ! ሳሮ!» እያሉ ከዳር እስከ ዳር ሁሉንም ይጨብጣሉ፤ ሰላም ነው፣ ቤተሰብ ሰላም ነው፣ ከብቱ ሰላም ነው። በሁለት እጁ ብረት የያዘ ሰው ምን ያድርግ? ክርኑን ይዘረጋል። እሳቸውም ክርኑን ጨብጠው ይስማሉ።

የመጀመሪያው ቀን የሆነውን ግን ልንገራችሁ። ናትናኤል የሚባል ደረቱ እንደ ቁም ሳጥን የሰፋ ልጅ ነበረን፤ «ገልባጩ» ነው የምንለው። አሸዋ እንደሚያራግፍ መኪና፣ ያነሳውን ብረት ከላይ ለቆት ስለሚሄድ ነው። የዚያን ቀን አግዳሚው ላይ በጀርባው ተኝቶ ዘንጉን ከደረቱ በላይ ይገፋል። ጋሽ አልታዬ በሩ ላይ ደርሰው ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉ። ሽማግሌ ገባ ማለት ነው! ያለው ሰው ሁሉ «ኖር! ኖር!» እያለ ተነሳ። ሳይክል ላይ ያለው ወረደ፣ ምንጣፍ ላይ ያለው ዘለለ፣ እኔም ቀሚሴን ሰብስቤ ቆምኩ። ገልባጩንም ያሳደገችው ጨዋ እናት ናትና ዘንጉን ደረቱ ላይ አሳርፎ «ኖር ጋሼ…» ብሎ ከወገቡ ቀና ሊል ሞከረ።

«በእግዚአብሔር፣ በእግዚአብሔር፣ ተቀመጡ ልጆቼ» አሉ ጋሽ አልታዬ።

ገልባጩ እንኳን ሊቀመጥ መተንፈስም አልቻለም። ፊቱ በርበሬ መሰለ። አሠልጣኛችን ኮቹና ሌሎች ሮጠው ብረቱን ከላዩ አነሱለት። ትንፋሹ እንደተመለሰ የመጀመሪያ ቃሉ ምን ነበር መሰላችሁ? «ይቅርታ ጋሼ፣ ተኝቼ ስላናገርኩዎት።»

ጋሽ አልታዬ ባርኔጣቸውን በእጃቸው እንደያዙ አጠገቡ ተቀመጡ። «አንተ ልጅ፣ እኔን ለማክበር ብለህ ልትሞት ነበር?»

«ምን ላድርግ ጋሼ? ነውር ነዋ!»

«ስሙኝ» አሉ፣ ወደ ሁላችን ዞረው። «ከዛሬ ጀምሮ ብረት የያዘ ሰው ለማንም አይነሳም። ንጉሥ ቢመጣ አይነሳም። እኔ ስገባ አላያችሁኝም፣ በቃ።»

ግን እንዴት ይቻላል? ዓይናችን ካያቸው እግራችን ራሱ ይነሳል። መፍትሔውን ያገኙት እሳቸው ናቸው። በቆርቆሮው በር ቀዳዳ እያጮለቁ፣ ከብረት ሥር ሰው አለመኖሩን ሳያረጋግጡ ጉሮሯቸውን አይጠርጉም። አንዳንዴ ዝናብ እየወረደባቸው ረጅም ሰዓት ይቆማሉ። የባጃጅ ሾፌሮች ደግሞ አያልፏቸውም። «ጋሽ አልታዬ! ሴቶች ናቸው እንዴ ዛሬ ተረኞቹ?» ይሏቸዋል። «ሂድ አንተ! እናትህን አያታለሁ፣ እነግርብሃለሁ!» ይላሉ፣ ዓይናቸውን ከቀዳዳው ሳያነሱ።

ስለ ግድግዳው ወዲያው አልተናገሩም። መጀመሪያ እንዳሉት አብረው በሉ፤ ማለቴ አነሱ። ትንሿን ጣሳ ነው የሚያነሱት፣ ግን እንደ ሙሽራ ይዘው ያነሷታል፣ እንደ ሙሽራም ያስቀምጧታል። አማርኛቸው ወንድና ሴት ብዙ አይለይም ነበርና ብረቱን «እሷ» ይሉታል፣ ኮቹንም አንዳንዴ «መጣች» ይሉታል፤ እሱም ለምዶት ነበር። ሰው ሲደክመው ከራስጌው ይቆሙና ልክ ማዕድ ላይ እንደሚያጎርስ ሰው ይማጸናሉ፦

«አንዲት ብቻ! በሞቴ!»

«ጋሼ፣ ጠገብኩ!» ይላል ገልባጩ ከሥር እያቃሰተ።

«ውሸት ነው፣ አልጠገብክም። ይችን ብቻ። አፈር ስሆን!»

እኔ መሐላው ከበደኝና አንድ ቀን በትሕትና «ጋሼ፣ አማኝ ሆነው ‹በሞቴ› ማለት…» አልኳቸው። አሰቡበት። «እውነትሽን ነው ልጄ» አሉ። በማግስቱ ገልባጩ ራስጌ ቆመው «በጌታ ፍቅር አንዲት!» ሲሉ ሰማኋቸው። ገልባጩ ከሣቁ የተነሳ ብረቱን ሊጥለው ነበር።

እኔንም አልማሩኝም። ከማንሳቴ በፊት አግዳሚው ላይ ቁጭ ብዬ ዓይኔን ጨፍኜ እጸልይ ነበር፤ ኮቹማ መጀመሪያ ሰሞን ራሴን የሳትኩ መስሎት ውሃ አምጥቷል። ጋሽ አልታዬ ጠብቀው ጠብቀው፣ አሜን ስል ጎንበስ አሉና በጆሮዬ «ልጄ፣ ጸሎት መልካም ነው። ግን ቆመሽ ጸልዪ። ወንበሯን ሰው እየጠበቃት ነው» አሉኝ። ቀና ብዬ ሳይ ሦስት ሰው ላቡን እየጠረገ ተሰልፏል። ከዚያ ወዲህ እየመጣሁ መንገድ ላይ ጸለይኩ።

ሌላውንም በዚሁ አያያዝ ነው ያስተካከሉት። አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ስልክ የሚነካካውን አጠገቡ ይቀመጡና አብረው ስልኩን ያያሉ፤ «ይቺ ማናት? እህትህ ናት?» ይሉታል። ልጁ ወዲያው ይነሳል። ላቡን ሳይጠርግ የሚሄደውን በፎጣቸው ይከተሉትና እሳቸው ይጠርጉለታል። ሽማግሌ ላብህን ሲጠርግልህ ምን ትሆናለህ? መሬት ተከፍታ ትዋጠኝ ትላለህ። ቅዳሜ ጥሬ ሥጋ በዳጣ በልቶ መጥቶ ፊታችን ላይ የሚተነፍሰውን የባንክ ሠራተኛ «አንተን ብረት ሳይሆን ሥጋው ነው ያነሳህ» ብለው ወደ መስኮቱ አዞሩት። ብረት አንስቶ ሜዳ ላይ ጥሎ የሚሄደውን ደግሞ በስሙ ይጠሩታል፤ «ና፣ በልተህ ሰሃኗን ረሳሃት።» እውነት እላችኋለሁ፣ በዚያ ጂም ውስጥ ማንም ሰው ማንንም ሳይሰድብ ሁሉ ነገር ቦታ ቦታውን ያዘ።

ብረት መጣል ብቻ ቀረ። እሱ ሱስ ነው። ከባድ ነገር አንስቶ ከላይ መልቀቅና መጮህ፣ ያለዚያ ያነሳ አይመስላቸውም።

አንድ ቀን ጋሽ አልታዬ መዶሻ ይዘው መጡ። በዚያ በጭቃው ግድግዳ ላይ ትንሽ ጣውላ መቱ። በጣውላው ላይ የለስላሳ ቆርኪ አስቀመጡ። ከኮታቸው ኪስ አንዲት እንቁላል አወጡና በቆርኪው ላይ አቆሟት። ከዚያ ጣሳቸውን ማንሳት ጀመሩ።

«ጋሼ፣ ምንድን ነው ነገሩ?» አለ ኮቹ።

«እንቁላል ናት።»

«እሱስ እንቁላል ነው። ለምን?»

ያኔ ነው የተናገሩት። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እጃቸውን በግድግዳው ላይ አሳርፈው። «ከዚህ ወዲያ የማርታ ትራስ አለ። ብረቷን ስትጥሉ ይቺ እንቁላል ትወድቃለች። ይቺ እንቁላል ወደቀች ማለት ማርታ ነቃች ማለት ነው። እኔ እናንተን መቆጣት አልችልም፤ ልጆቼ ናችሁ። እንቁላሏ ትቆጣችሁ።»

ገልባጩ ከሁሉም በላይ አንገቱን ደፋ። ከሥሯ ጭድ እንዲያደርጉ ብንለምናቸው እምቢ አሉ፤ «ካልተሰበረች አትማሩም» ብለው።

ደንቡ እንዲህ ሆነ። እንቁላሏን ያስወደቀ ሰው ሌላ እንቁላል ይገዛና ራሱ ወስዶ ለእትዬ ማርታ ይሰጣል። እትዬ ማርታ ደግሞ ሰው ባዶውን አያሰናብቱም፤ እጁን ይይዙና ይጸልዩለታል። አጭር ጸሎት አያውቁም። በወላይትኛ ከአያት ቅድመ አያቱ ጀምረው፣ ትምህርቱን፣ ሥራውን፣ የሚያገባትን ልጅ፣ የምትወልዳቸውን ልጆች ሁሉ በየተራ ባርከው ሲጨርሱ ሰውየው ላቡ ደርቆ፣ ጡንቻው ቀዝቅዞ፣ ጂሙ ሊዘጋ ይደርሳል። ገልባጩ በብዛት የሚሄደው እሱ ስለነበር እስካልተወለዱ የልጅ ልጆቹ ድረስ ተባርኮ አልቋል። ውሎ አድሮ እንቁላል ሳይሰብርም መሄድ ጀመረ። «ዛሬ ምን አጠፋህ?» ብለው ሲጠይቁት «ምንም፣ እንዲያው ነው» ይላቸዋል። እሳቸውም እንዲያው ይጸልዩለታል።

አሁን ወደ ዋናው ቀን ልምጣ። ገልባጩ በዚያ ጂም ማንም ያላነሳውን ክብደት ከመሬት ሊያነሳ ለወራት ሲዘጋጅ ነበር። ስንት ኪሎ እንደሆነ ብናገር ውሸት ይሆንብኛል፤ የወፍጮው ጥርሶች በሙሉ ዘንጉ ላይ ነበሩ ብል ይበቃል። የአጎቱ ልጅ ቪዲዮ ሊቀርጸው ስልኩን አዘጋጅቷል። ጋሽ አልታዬ በዚያ ቀን ቀዳዳው ጋ ሳይቆሙ ቀጥ ብለው ገቡ። ፊታቸው የተኛ ሰው ፊት አልነበረም። ገልባጩን ወደ ጥግ ወሰዱት፤ እኔ አጠገባቸው ስለነበርኩ ሰምቻለሁ።

«ማርታ ሰሞኑን ጨርሳ አልተኛችም። ገና አሁን ነው ሸለብ ያደረጋት።»

«እንግዲያው ይቅር ጋሼ። ሌላ ቀን አነሳዋለሁ።»

«አይቀርም! ስንት ቀን የለፋህበት ነው። አንሳ። እኔ የምለምንህ ስለ ማውረዱ ብቻ ነው።»

ኮቹ ሙዚቃውን አጠፋ። ሌላውም ሰው ሁሉ የያዘውን አስቀመጠ። አንዱ ማስነጠስ መጥቶበት ፊቱን በፎጣ አፍኖ ወደ ደጅ ሮጠ። ገልባጩ ጎንበስ አለ፣ ዘንጉን ያዘ፣ እንቁላሏን አየት አደረገ፣ አነሳ። ዘንጉ ጎበጠ። ቀጥ ብሎ ሲቆም እንደ ልማዱ ሊጮህ አፉን እስከ ጆሮው ከፈተው፤ ድምፅ ግን አላወጣም፣ ከውሃ እንደወጣ ዓሣ። ከዚያ ማውረድ ጀመረ። ወንድሞቼ፣ ማንሳት ምንም አይደለም። ጉልበቱ ተንቀጠቀጠ፣ የአንገቱ ሥር ገመድ አከለ፣ እኛም ሳናውቀው ሁላችን አብረነው ጎንበስ ብለናል፤ ጋሽ አልታዬ እጃቸውን ዘርግተው ከሥር የሚቀበሉ ይመስላሉ። ብረቱ ወለሉን ነካ። ኮሽ አላለም። እንቁላሏ በቆርኪዋ ላይ እንደቆመች ናት።

ያለ ድምፅ አጨበጨብን፤ መዳፍ ለመዳፍ ሳናነካካ። እኔም በልቤ ሃሌ ሉያ አልኩ።

ይኼኔ ከግድግዳው ወዲያ የእትዬ ማርታ ድምፅ መጣ፣ በወላይትኛ፣ ጮክ ብሎ፦

«አልታዬ! ኧረ አልታዬ! ልጆቹ ምን ሆኑ? ሰው ሞተ እንዴ?»

ጋሽ አልታዬ ደርቀው ቀሩ። «ማንም አልሞተም! ተኚ!»

«እንዴት አድርጌ ልተኛ? ድምፃቸው ጠፋ እኮ! ጭር ሲል ደንግጬ ነቃሁ!»

ጋሽ አልታዬ ቀስ ብለው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። እንቁላሏን አዩዋት። እኛን አዩን። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር የሚያለቅሱ መስሎኝ ወደሳቸው ተራመድኩ፤ ለካ ሣቅ ነው። «ይሄ ሁሉ እንቁላል…» አሉ፣ «ይሄ ሁሉ እንቁላል…» ዓረፍተ ነገሩን መጨረስ አቃታቸው። ገልባጩ ወለሉ ላይ ተዘርግቶ እያለቀሰ ይሥቃል። እዚያው ሁላችንም በሣቅ ፈረስን።

ማታውን እትዬ ማርታን ልጠይቅ ስገባ ነገሩን አስረዱኝ። «የሚያስደነግጠኝ የሚወድቀው ነበር ልጄ። እሱ ቀረልኝ፣ ጌታ ይባርካችሁ። ቀስ ብሎ የሚቀመጠው ግን ዱብ… ዱብ… ሲል፣ ብቻዬን እንዳልሆንኩ አውቃለሁ። ግድግዳውን ተደግፌ እሱን ስሰማ ይወስደኛል። ዛሬ ቀጥ ሲል ሁላችሁም ጥላችሁኝ የሄዳችሁ መሰለኝ።»

ጋሽ አልታዬ በማግስቱ አዲሱን ደንብ አወጁ። «ይሰማ፤ አያስደንግጥ። ልክ እንግዳ በር እንደሚያንኳኳ።» ሰው እንዴት ብረትን እንደዚያ ማስቀመጥ እንደሚችል ከመሃላችን የሚያውቅ አልነበረም፤ ግን ተለማመድነው። ሰመራ ድረስ ይዤው የመጣሁት እሱን ነው። እንቁላሏም በቦታዋ ቀረች።

እንግዲህ ምሕረት ያለችውን ደግሜ ደግሜ ሰማሁት። የጂሙ ልጆች፣ ይህን የምለው ለእናንተ ነው፦ ጂሙን ለክብራቸው ዘግታችኋል። የልባችሁን ደግነት አውቃለሁ፤ ለሽማግሌ መነሳት ለምዳችሁ፣ አሁንም እንደዚያ ቀን ሁላችሁም ብረታችሁን ትታችሁ ተነሳችሁላቸው። ግን እሳቸው በዚህ ነገር ምን እንዳሉ እናንተው ሰምታችኋል። ከግድግዳው ወዲያ ደግሞ እትዬ ማርታ አሉ። ባላቸው የለም፣ ድምፃችሁም የለም፤ ማንን ሰምተው ይተኙ?

ስለዚህ እዚያ የነበራችሁትን ሁሉ እለምናችኋለሁ። እኔ እንደሳቸው «በሞቴ» ማለት አልደፍርም፤ በጌታ ፍቅር ልበላችሁ። ነገ ከሰዓት በኋላ ጂሙን ክፈቱት። ኮች፣ ሙዚቃውን ተወው፣ በሩን ብቻ ክፈት። አንዳችሁ አዲስ እንቁላል ይዛችሁ ሂዱና ቆርኪዋ ላይ አቁሟት። ናትናኤል፣ አንተ ጀምር፤ ከባዱን አይደለም፣ የሳቸውን ትንሿን ጣሳ አንሳና እንዳስተማሩህ አስቀምጣት። ከዚያ ሌላው ይቀጥል። ምሕረት፣ አንቺ ደግሞ ራስጌያቸው ቁጭ በይልኝ። ምንም ረጅም ነገር አልፈልግም። ዓይናቸው ሲከደን፣ «ተኙ» ብለሽ አንዲት ቃል ላኪልኝ።